በምልጃ የተሰጠ ማርክ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉት የቦረናና የሳይንት ደጋዎች ሁለት ሰዎች በእርሻ ድንበር የተጣሉ እንደ ሆነ፣ የድንበሩን ድንጋይ የሚያውቅ ሽማግሌ ተጠርቶ ይመሰክራል። ይህ ሽማግሌ ድሀ ሊሆን ይችላል፤ ከተሟጋቾቹም አንዱ የሥጋ ዘመዱ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ድንጋዩን ከነበረበት ስፍራ ፈቀቅ አድርጎ ቢመሰክር ስሙ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ልጆቹም «የዚያ የሐሰተኛ ልጆች» ተብለው እንደሚጠሩ ያውቃል። ስለዚህ እውነቱን መናገር ይመርጣል። እንግዲህ እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት፣ በመሬት ላይ በሐሰት መመስከርን እንዲህ አድርጎ የሚጸየፍ ሕዝብ፣ በልጅ አእምሮ ላይ በሐሰት መመስከርን ግን እንደ ቸርነት ሥራ መቍጠሩ ስለሚያስገርመኝና ስለሚያሳዝነኝ ነው።

በልጅ አእምሮ ላይ የሚሰጠው ምስክርነት ማርክ ይባላል። ማርክ ስጦታ አይደለም፤ ሽልማትም አይደለም፤ ውለታ መመለሻም አይደለም። አንድ መምህር በተማሪው ስም ትይዩ «ስልሳ» ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ለወላጅ፣ ለመንግሥት፣ ልጁን ከእርሱ ለሚረከበው መምህር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለልጁ ለራሱ «ይህ ልጅ ይህን ያህል ያውቃል፤ እኔም መርምሬ አይቻለሁ» ብሎ መማሉ ነው። የማያውቀውን ያውቃል ብሎ ከጻፈ የድንበሩን ድንጋይ አነሣ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሌላው ላይ ጣቴን ከመቀሰሬ በፊት ከራሴ ልጀምር።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ ከእነዚያ ደጋዎች በአንዱ ላይ በሚገኝ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም፤ ማርኩን የጻፈው የኔ እጅ ነውና። በዘጠነኛ ክፍል ከዐባይ ቆላ የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች በከተማው ጠባብ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል፤ ዓርብ ማታ ወደ ቤተ ሰቡ ወርዶ እሑድ የሳምንት ስንቁን፣ በሶውንና ቆሎውን፣ ተሸክሞ ይመለሳል። ሌሎቹ እያረፉ የሚወጡትን ያን አስጨናቂ ዳገት እርሱ ስንቁን በጀርባው አስሮ በሩጫ ይወጣው ነበር። በዚያ ዓመት ደሴ ላይ በተደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዋንጫ ይዞልን መጣ። ከተማው በእልልታ ተቀበለው። በዓመቱ መጨረሻ ግን በእንግሊዝኛ ፈተና ያገኘው ከመቶ ሠላሳ አንድ ነበር።

ፈተናውን ባረምሁ በማግሥቱ ማታ አራት ሰዎች ወደ ቤቴ መጡ። አንዱ የስፖርት መምህሩ፣ አንዱ የልጁ አጎት፣ ሁለቱ የተከበሩ የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ። ቡና ተፈልቶ ከተጠጣ በኋላ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ እርስዎም ወገናችን ነዎት። ይህ ልጅ ስማችንን አስጠርቷል። በእንግሊዝ አፍ ምክንያት ከክፍሉ ቢወድቅ ሞራሉ ይነካል። እንጀራው እግሩ ነው፤ ቋንቋው ምን ያደርግለታል?» እኒህ ሽማግሌ በድንበር ክርክር ቃላቸው እንደ ሰነድ የሚቈጠር ሰው ነበሩ። እኔም «እምቢ» ማለት ከበደኝ። ሠላሳ አንዱን ሰረዝሁ። ሃምሳ ብጽፍ ሰው ይጠረጥራል ብዬ ስልሳ አደረግሁት። ሐሰተኛ ሰው ምንጊዜም ጥንቁቅ ነው።

በዚያው ክፍል እንደ እርሱው ከቆላ የመጣች፣ በኩራዝ ብርሃን የምታጠና አንዲት ልጅ ነበረች። እርሷ በዚያ ፈተና ያገኘችው አርባ ስድስት ነበር። ስለ እርሷ ቤቴ ድረስ የመጣ ሽማግሌ አልነበረም፤ ስለዚህ በአርባ ስድስቷ ወደቀች። ተማሪ የማያውቀው ምስጢር የለምና፣ የሰርተፊኬት ቀን ከደጅ ጠብቃ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ፣ «መምህር፣ እኔ ስለማልሮጥ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። በሚመጣው ዓመት አልተመለሰችም። መዳሯን ሰማሁ።

ልጁስ ምን ሆነ? ከእኔ ስልሳ በኋላ ሌሎች መምህራንም የየራሳቸውን ስልሳ ሰጡት። ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ጥቂት ጊዜም በውጭ አገር ጎዳናዎች ላይ ሮጠ። ከስምንት ዓመት በኋላ ጉልበቱ ተጎድቶ ወደ አገሩ ተመለሰና አንድ ቀን በሬን አንኳኳ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «መምህር፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» አለኝ። ወረቀቱ ከአንድ የውጭ አገር ወኪል ጋር የተዋዋለው ውል ነበር፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። አነበብሁለት። ከሽልማቱ ለወኪሉ የሚከፈለው ድርሻ አስቀድሞ ይነሣል፤ የጉዞው፣ የማረፊያውና የሕክምናው ወጪ ደግሞ ከሯጩ ድርሻ ላይ ይቀነሳል፤ ሯጩ ጉዳት ቢደርስበት ውሉ ይፈርሳል። በየገጹ ግርጌ የልጁ ፊርማ አለ። «ይህን ስትፈርም ምን ብለውህ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ፈርም፣ ቲኬቱ ደርሷል አሉኝ» አለ።

ያን ወረቀት ማንበብ እንደሚችል በስልሳ ማርክ የመሰከርሁለት እኔ ነበርሁ። እርሱ ግን አልወቀሰኝም። እንዲያውም ሲሰናበተኝ «ያኔ ባያሳልፉኝ ኖሮ እዚያም አልደርስም ነበር» ብሎ አመሰገነኝ። በዕድሜዬ ከተሰደብሁት ስድብ ሁሉ ይህ ምስጋና ይከብደኛል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህ የአንድ ገጠር መምህር ድክመት ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። በሀብትና በዕውቀት ታላቅ በሆነችው በአሜሪካም ይኸው በሽታ አለ። እዚያ የዩኒቨርሲቲዎች የኳስ ጨዋታ ብዙ ገንዘብ የሚያስገባ ንግድ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ተማሪ በትምህርቱ እንዳይወድቅ የሚደረግለት ዘዴ ብዙ ነው። በስመ ጥሩው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ መምህር የማይገባባቸው፣ ተማሪም የማይሰበሰብባቸው፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ተቀብለው ከፍተኛ ማርክ የሚሰጡ ትምህርቶች እንደ ነበሩ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የምርመራ ዘገባ አስረድቷል። ይህ ከ1993 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ለዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል የቆየ ነበር። በእነዚያ ትምህርቶች ያለፉት ከ3,100 ተማሪዎች በላይ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ነበሩ። ማርኩንም ብዙ ጊዜ ትሰጥ የነበረችው መምህር ያልሆነች የቢሮ ጸሐፊ ናት። በ2017 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርሲቲዎቹን ስፖርት የሚቈጣጠረው ማኅበር ዩኒቨርሲቲውን ለመቅጣት አልቻለም፤ ትምህርቶቹ ለሌሎች ተማሪዎችም ክፍት ስለ ነበሩ ለስፖርተኞች ብቻ የተደረገ ልዩ ጥቅም ነው ለማለት አይቻልም ተባለ። ልብ በሉ! ሐሰቱ ለሁሉ ከተከፈተ አድልዎ መሆኑ ይቀራል ማለት ነው።

ከዚህም ቀደም ብሎ ዴክስተር ማንሊ የተባለ ዝነኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ሸንጎ ፊት ቀርቦ፣ አራት ዓመት በዩኒቨርሲቲ ከቆየ በኋላ ማንበብ የማይችል ሰው እንደ ነበረ እያለቀሰ ተናግሯል። በጎልማሳነቱም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ ማንበብን ተማረ። ያን ግዙፍ ሰው ያስለቀሰው ምንድን ነው? በልጅነቱ የሚያውቁት ሁሉ እግሩንና ትከሻውን ወድደው አእምሮውን ስለ ናቁት ነው። «እንጀራው እግሩ ነው» ያሉኝ ሽማግሌና ያን ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፉት የአሜሪካ መምህራን፣ በቋንቋ ባይግባቡም በሐሳብ አንድ ነበሩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ለአንድ ሯጭ የተከፈተች ቀዳዳ ለአንድ ሯጭ ብቻ ሆና አትቀርም። በመጀመሪያው ዓመት በሯጩ ስም የመጣውን ሽማግሌ የተቀበለ መምህር፣ በሁለተኛው ዓመት በሹሙ ልጅ ስም የመጣውን ለመመለስ አፍ የለውም። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ተማሪው ሁሉ «ለእነርሱ የተፈቀደ ለእኛ ለምን ይከለከላል?» ብሎ አጤሬራውን በእጅጌው ይዞ ይገባል፤ ፈታኙም አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ኩረጃ ከልጆች የተነሣ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። ኩረጃ መጀመሪያ የሚገባው በመምህሩ በር፣ ከቡናው ጋር ነው።

ይህም ትንሽ ነገር ሲከማች የት እንዳደረሰን አይተናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በየስልኩ በመታየቱ ፈተናው ተቋርጦ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ተሰጠ። ከዚያም በኋላ የፈተና መውጣትና የጅምላ ኩረጃ ወሬ ሳይሰማ የቀረበት ዓመት ጥቂት ነው። በመጨረሻ የትምህርት ሚኒስቴር በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞችን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየወሰደ ፈተነ። በዚያን ጊዜ በአማራ ክልል ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከ12 ሺህ በላይ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው ወጡ። ውጤቱ በታወቀ ጊዜም ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ፈተና 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ፈተና 8.4 በመቶ ደረሰ።

ብዙ ሰው ይህን ቍጥር ሰምቶ «የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው» አለ። እኔ ግን በቍጥሩ ውስጥ የራሴን ስልሳ አየሁ። እነዚያ ልጆች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ «ታውቃላችሁ» ብለን የመሰከርንላቸው እኛ አይደለንምን? በየሰርተፊኬቱ ላይ የፈረመው ማን ነው? ልጆቹ በአንድ ሳምንት አልደነቈሩም፤ የተገለጠው የኛ ምስክርነት ሐሰት መሆኑ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ተረት ደረሰብን።

እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ ሁሉ የማርክ ጥፋት ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን አልፎ ወደ ደቡብ በገፋ ጊዜ በወሎ ስንት ትምህርት ቤት ተዘረፈ! ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ደግሞ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። መጽሐፍ የሌለው፣ መምህሩ የተሰደደበት፣ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ያደገ ልጅ ቢወድቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ለዚህ ልጅ የሚገባው ካሣ ምንድን ነው? የጎደለውን ትምህርት መስጠት ነው ወይስ ያልጎደለው አስመስሎ መጻፍ? ሐኪም የበሽተኛውን ትኩሳት ለክቶ፣ አዘንሁ ብሎ ቍጥሩን ዝቅ አድርጎ ቢጽፍ ርኅሩኅ ይባላልን?

ለምልጃ የሚመጡ ሰዎች የሚያነሡአቸውን ምክንያቶች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ እኔንም ያሸነፉኝ እነርሱ ናቸውና። አንደኛው «ድሀ ነው» የሚለው ነው። ስለ ድሀነቱ ነው እንጂ! የባለጸጋ ልጅ በሐሰት ማርክ ቢያልፍ በአባቱ ገንዘብ ጠበቃም አስተርጓሚም ይቀጥራል። የድሀ ልጅ ግን በዓለም ላይ ያለው ሀብት ያወቀው ነገር ብቻ ነው። እርሱን ዕውቀት ነሥቶ ወረቀት መስጠት፣ ለተራበ ሰው የእንጀራ ሥዕል እንደ መስጠት ያለ ነው።

ሁለተኛው «የአገር ስም ያስጠራል» የሚለው ነው። ስም ያስጠራ ልጅ ክብር ይገባዋል፤ በሐሰት ካባ ግን አይከበርም። ሦስተኛው ደግሞ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ነው። ይህ ምክንያት «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ከሚለው ክፉ ተረት ጋር መንታ ነው። የብዙ ሰዎች ሐሰት ቢደመር አንዲት እውነት አይወጣውም።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ይህን እውነት ማወቅ የሚገባው ሯጩ ራሱ መሆኑ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሁለት ሰዓት ከዐሥራ አምስት ደቂቃ ከዐሥራ ስድስት ሰከንድ ሮጦ ሲገባ፣ ከዚያ ሰዓት ላይ አንዲት ሰከንድ እንኳ የቀነሰለት ሽማግሌ አልነበረም። በ1980 እ.ኤ.አ. ሮዚ ሩዊዝ የተባለች ሴት በቦስተን ማራቶን ከመጨረሻው አጠገብ ሰልፉን ተቀላቅላ አንደኛ ወጣሁ ብትል፣ ጥቂት ቀናት ሳይቈይ አክሊሏ ተገፈፈ። በሩጫ ዓለም መንገዱን ያልሮጠ ሰው አሸናፊ አይባልም። እኔ ግን ያን ልጅ ከመንገዱ መጨረሻ አጠገብ አምጥቼ ጨመርሁትና ጨርሷል ብዬ አጨበጨብሁ። በሩጫው ሜዳ ይህን ቢያደርጉበት ኖሮ ይሰድበኝ ነበር፤ በትምህርቱ ስላደረግሁት አመሰገነኝ።

የቀደሙት መምህሮቻችን በዚህ ረገድ ከኛ ይሻሉ ነበር። በሳይንት በተድባበ ማርያም አገር እንደ ሌሎቹ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ተማሪ ዳዊቱን ከመምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ይላል፤ ያወቀውም ያላወቀውም ወዲያው ይለያል። የቅኔ ተማሪም አዲስ ቅኔ አስቦ ለመምህሩ ይነግራል። ሌላው የተናገረውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ በጓደኞቹ ዘንድ መሣቂያ ይሆናል። ትምህርቱን የፈጸመው ሰው አደረገ የሚባለው ነገርም «አስመሰከረ» ነው። ቃሉን ልብ በሉት። በወሎ የቂርአት መንደሮችም ደረሳው ኪታቡን ከሸይኹ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ ሸይኹም ኢጃዛ የሚሰጡት ለቀራው እንጂ ለተማለደለት አይደለም። ድሀ ተማሪ በሁለቱም ዘንድ ይረዳል፤ ይበላል፣ ይጠለላል፣ የመንደሩ ሰውም ይደግፈዋል። ያልተማረውን ግን ተማረ አይሉለትም። ቸርነትንና ምስክርነትን ለይተው ያውቁ ነበር።

የኔም ምክር ከዚሁ የተለየ አይደለም። ለስፖርተኛ ተማሪ ልዩ እርዳታ አይደረግ አልልም። በውድድር ምክንያት የቀረበትን ትምህርት የሚያካክስለት መምህር ይመደብለት። ፈተናው ከውድድሩ ቀን ጋር የተጋጨ እንደ ሆነ ሌላ ቀን ይፈተን። ደክሞት የመጣ ከሆነ ይረፍ፤ ስንቁ ካለቀ ስንቅ ይሰጠው። ቢወድቅም ክፍሉን ይድገም፤ እየደገመም ይሩጥ። ጊዜ ስጡት፣ መጽሐፍ ስጡት፣ መምህር ስጡት፤ ማርክ ግን አትስጡት። ይህንንም እርዳታ ለሯጩ ስትሰጡ በኩራዝ የምታጠናዋን ልጅ አትርሱ።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ በልጅነቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይማር እንደ ነበረ ዓለም ሁሉ ያውቃል። በአትላንታና በሲድኒ ወርቅ ባገኘ ጊዜም ግራ እጁን ጠጋ አድርጎ ሲሮጥ ታይቷል፤ በዚያ እጁ ደብተሩን ታቅፎ መሮጥ ስለ ለመደ ነው ይባላል። እግሩ ዓለምን ሲዞር እጁ ደብተሩን አልረሳም። እንግዲህ ልጆቻችን በደጋው ሜዳ ሲሮጡ እያየን ደስ በሚለን ጊዜ፣ ክንዳቸው ውስጥ ደብተር መኖሩን እንመልከት፤ ከሌለም እናስይዛቸው እንጂ ያለ አስመስለን አንጻፍላቸው።

መምህር ወንድሜ ሆይ፣ መምህርት እኅቴ ሆይ፣ ነገ ማታ ሽማግሌዎች ወደ ቤትሽ፣ ወደ ቤትህ ይመጡ ይሆናል። በክብር ተቀበሏቸው፤ ቡናም አፍሉላቸው። ነገሩን ሲያነሡ ግን በትሕትና እንዲህ በሏቸው፤ «አባቶቼ፣ በድንበር ክርክር ጊዜ ድንጋዩን ፈቀቅ አድርጋችሁ ትመሰክራላችሁን?» እነርሱ ጨዋ ሰዎች ናቸውና ይገባቸዋል። እኔ በዚያች ማታ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ። የአንዲት ልጅ ጥያቄና የአንድ ልጅ ምስጋና እስከ ዛሬ ድረስ በጆሮዬ አሉ።